የጥልቀት መዝገብ

ሰውየው አሥራ ሁለት ደቂቃ አርፍዷል።

ሂንድ ነጠላዋን እስከ ቅንድቧ ስባ ከይምርሐነ ክርስቶስ ዋሻ አፍ፣ ከግንቡ ሥር፣ ከሴቶቹ መሀል ተቀምጣለች። ጥቅምት አሥራ ዘጠኝ ነው፤ ንግሥ። ከብልባላም ከላሊበላም የመጣው ምእመን የጥዱን ጫካ ሞልቶ፣ በድንጋይ ደረጃው እየተጋፋ ይወጣል። ከበሮው ዋሻው ውስጥ ሲመታ ድምፁ ከጣሪያው ድንጋይ ተመልሶ ደረቷ ላይ ያርፋል። ከበሮው ይሁን ልቧ መለየት አቅቷታል።

መታወቂያዋ ላይ ያለው ስም አመተ ጊዮርጊስ ነው። የደሴዋን ሂንድን እዚህ የሚያውቃት የለም። ላሊበላ ውስጥ ተሳላሚ መስላ አሥራ አንድ ቀን ከርማለች። መስቀል ተሳልማለች፣ ጠበል ጠጥታለች፣ ከመነኩሲቶች ጋር አንድ ደሳሳ ቤት ውስጥ ተኝታለች። አሥራ አንዱንም ቀን ፈርታለች። ያላጠናችውን ነገር አንድ ሰው እንዳይጠይቃት።

ምልክቱ ሰማያዊ ክዳን ያለው ቢጫ ጀሪካን ነው።

ሰው ሁሉ ጀሪካን ይዟል። ሁሉም ቢጫ ነው። ቀይ ክዳን፣ ጥቁር ክዳን፣ በላስቲክ የተወተፈ። ዓይኗ ደከመ።

ሰማያዊ።

ቀጠን ያለ፣ ፂሙን የተላጨ፣ ጋቢ የደረበ ሰው ነው። ጀሪካኑን ከእግሩ ሥር አስቀምጦ ላቡን ጠረገ።

«እህቴ፣ ጠበሉ የሚቀዳው በየት በኩል ነው?»

«የታችኛው ደፍርሷል። የላይኛውን ይሞክሩ።»

«የላይኛው ወረፋ አለው አሉኝ።»

ትክክል ነው። ቃል በቃል።

የምትሠራበት የስለላ መሥሪያ ቤት ይህን ሰው «ዓሣ» ይለዋል። እሷን «ስንዴ»። እውነተኛ ስሙ ኢክሪማ መሆኑን ታውቃለች። የሚፈራውንም ታውቃለች።

ነገሩ እንዲህ ነው። ሁለት የባሕር ዳር አገሮች፣ አንዷ ትልቅ አንዷ ትንሽ፣ ከባሕር ወለል በታች ባለ አንድ የነዳጅ ጉድጓድ ይካሰሳሉ። ትልቋ አገር አዙራል ለሚባል ኩባንያ የቁፋሮ ፈቃድ ሰጠች። ኩባንያው ካርታ ዘርግቶ፣ ጉድጓዱ ከድንበሩ መስመር ወዲህ ነው ይላል። ትንሿ አገር ደግሞ፣ ውሃዬ ውስጥ አሥራ አንድ ኪሎ ሜትር ገብተው ነው የቆፈሩት፣ ዘይቱም አፈትልኮ የዓሣ አስጋሪዎቼን መንደሮች ጦም አሳድሯል ብላ ዓለም አቀፍ ዳኞች ፊት ቆመች። ማስረጃ ግን በእጇ አልነበረም። የሁለቱ የጦር ጀልባዎች ጉድጓዱ ዙሪያ መፋጠጥ ከጀመሩ ሦስት ወር ሆናቸው። አንድ ጥይት ቢተኮስ የኢትዮጵያ ጭነት የሚገባበት የወደብ መንገድ ይዘጋል። የሂንድ መሥሪያ ቤት ጉዳዩ ውስጥ የገባው በዚህ ምክንያት ነው።

ማስረጃው የኩባንያው የቅየሳ መርከብ የጥልቀት መዝገብ ነው። መርከቡ የትና መቼ ስንት ሜትር እንደለካ በእጅ የተጻፈበት፣ ካፒቴኑ ገጽ በገጽ የፈረመበት። የጻፈው ኢክሪማ ነበር። ቁጥሮቹን ለውጠህ ጻፍ ቢሉት እንቢ አለ። አብሮት እንቢ ያለው ጓደኛው በሦስተኛው ቀን ባሕር ውስጥ ወድቆ ሰመጠ ተባለ። ጓደኛው ጠላቂ ዋናተኛ ነበር። ኢክሪማ መዝገቡን ይዞ ጠፋ። እናቱ የወሎ ሴት ናት፤ አማርኛውን ከእሷ ነው ያገኘው። መሐመድኑር ነኝ ብሎ ገነተ ማርያም አጠገብ የመጠጥ ውሃ ከሚቆፍር ቡድን ጋር ሰባት ወር ሠራ። ባሕር ሲለካ የኖረ ሰው ላስታ ተራራ ላይ ውሃ ሲፈልግ ይገኛል ብሎ ማንም አልጠረጠረም።

ዳኞቹ ማስረጃ መቀበል የሚያቆሙት ከአምስት ቀን በኋላ ነው።

«መዝገቡ?» አለችው።

«አልያዝኩትም።»

ሂንድ ወደ ጀሪካኑ ተመለከተች።

«ብቻውን አልሰጥም» አለ ኢክሪማ፣ ቤተ ክርስቲያኑን እያየ፣ ከንፈሩን ሳያንቀሳቅስ። «እኔም አብሬ እሄዳለሁ።»

«የታዘዝኩት ዕቃውን እንድቀበል ብቻ ነው።»

«እኔ ዳኞቹ ፊት ካልቆምኩ መዝገቡ ምንድነው? ኩባንያው ተጭበርብሯል ይላል፤ አለቀ። የጻፈው እጅ መማል አለበት።» መዳፉን ዘረጋላት። «እጁ ይኸውና።»

ሂንድ እጁን አየች። ጥፍሮቹ ውስጥ የላስታ ጭቃ ገብቷል።

«ልጠይቅ» አለች። «ከዚህ እንዳትንቀሳቀስ። ከሰው መሀል እንዳትወጣ።»

*

ስልክ የሚሠራው ከደረጃው ወዲያ፣ ከጥዶቹ በላይ ባለ አንድ ድንጋይ ላይ ነው። ሂንድ ሽቅብ ወጣች። መኪኖቹ ከታች ሜዳው ላይ ቆመዋል። የመጣችበትን የዘመኑን ሚኒባስ አየችው። ዘመኑ የላሊበላ ሾፌር ነው፤ ተሳላሚ ከማመላለስ በቀር የሚያውቀው ነገር የለም። ከሚኒባሱ ፊት ለፊት አንድ ነጭ ላንድክሩዘር ቆሟል። ስትመጣ አልነበረም።

አዲስ አበባ ደወለች። አለቃዋ ደባሱ ይባላል። ስድስት ዓመት አብራው ሠርታለች። በስልክ «አጎቴ» ትለዋለች።

«ልጄ፣ ገበያው እንዴት ነው?»

«እህሉ አለ። ሻጩ ግን አብሬ ካልሄድኩ ብሏል።»

«እህሉን ያዢ። ሻጩን እዚያው ተዪው።»

«ያለ ሻጩ እህሉ አይበላም፣ አጎቴ።»

«የነገርኩሽን አድርጊ!» ድምፁ ወዲያው ለሰለሰ። «አይዞሽ፤ ደክሞሽ ነው። መኪናሽ የትኛዋ ናት? ያቺ ከነጩ ላንድክሩዘር ፊት ለፊት ያለችው?»



ደባሱ አዲስ አበባ ነው። ስለ ነጭ መኪና አልነገረችውም።

«አዎ» አለች። «ኔትወርኩ ይቆራረጣል። መልሼ እደውላለሁ።»

ከድንጋዩ ወረደች። የአንድ ጥድ ግንድ አቅፋ ቆመች። ስድስት ዓመት። አባቷ ሲሞት ደሴ ድረስ መጥቶ ድንኳን ውስጥ ከሽማግሎቹ ጋር የተቀመጠ ሰው ነው። ምናልባት ሌላ ሰው ልኮ ይሆናል። ምናልባት ጥበቃ ይሆናል። ሰው ሲፈራ ለማመን የሚፈልገውን ሁሉ አሰበች።

ማረጋገጥ አለባት። ከዚያ በፊት ግን መውረድ አለባት፤ ኢክሪማ እታች ብቻውን ነው።

ዋሻው አፍ ስትደርስ ግራጫ ጃኬት የለበሰ ሰው አየች። ጫማውን አላወለቀም። ከሴቶቹ መሀል እየተዘዋወረ ፊት ያያል። አንዱን ፊት፣ ቀጥሎ ሌላውን። ስልኩ ላይ ፎቶ አለ።

ኢክሪማ ከዲያቆናቱ ጀርባ፣ ጋቢውን ተከናንቦ ግንቡን ተደግፏል። ሰውየው እሱን አላየም። የሚፈልገው ሴት ነው።

የሚፈልገው እሷን ነው።

ሂንድ ካገኘችው ክፍት ቦታ ዘጭ ብላ ተቀመጠች። አጠገቧ ያሉት እማሆይ ጽጌማርያም ናቸው፤ አሥራ አንድ ቀን በአንድ ክፍል ያስጠጓት የሰባ ዓመት መነኩሲት። እማሆይ ዓይናቸውን ከመጽሐፋቸው አላነሡም። ሂንድ በፍጥነት አማተበች።

ግራጫው ጃኬት ቆመ።

ከፊቷ።

«እናቴ» አለ። «ይቺ ከማን ጋር ናት?»

እማሆይ ቀና አሉ። በቀስታ። «ምን አልከኝ ልጄ? ጆሮዬ ደከም ብሏል።»

«ይቺን ሴት ያውቋታል ወይ?»

«የእኅቴ ልጅ ናት። ምነው? ባል ልትሆናት ነው?»

ዙሪያው ያሉ ሴቶች ሳቁ። እማሆይ የመቋሚያቸውን ጫፍ ሰውየው ጫማ ላይ አሳረፉ።

«ይኼንን ሳታወልቅ ነው የእግዚአብሔር ቤት የገባኸው? ውጣ! ውጣ አንተ!»

ሴቶቹ መሳቅ ትተው ማጉረምረም ጀመሩ። አንድ ጎልማሳ ገበሬ ዱላውን ይዞ ተነሣ። ሰውየው ወደ ኋላ አፈገፈገ። ከዚያ በደረጃው ቁልቁል ወረደ።

እማሆይ ወደ መጽሐፋቸው ተመለሱ።

«ከግራ ወደ ቀኝ ነው፣ ልጄ» አሉ፣ ገጹን እየገለጡ።

«ምኑ፣ እማሆይ?»

«ስታማትቢ። ሁልጊዜ ታምታቺዋለሽ። በእንቅልፍሽ ስትባንኚ ደግሞ ቢስሚላህ ነው የምትዪው።» በጣታቸው ጫፍ ጉልበቷን ነካ አደረጉት። «ከማን ወገን ነሽ ብዬ አልጠየቅኩሽም። ክፉ ብትሆኚ እንዲህ አትፈሪም ነበር። በይ ተነሺ፤ ያ ሰው ይመለሳል።»

*

ኢክሪማን ከቤተ ክርስቲያኑ ጀርባ፣ የዋሻው ጨለማ ከሚጀምርበት ስፍራ ወሰደችው። ከዚያ ወዲያ የጥንት ተሳላሚዎች አፅም ተኝቷል። ሰው አይበዛበትም።

«አለቃዬ ሸጦናል መሰለኝ» አለችው።

ኢክሪማ ጀሪካኑን ይዞ ሊሮጥ ተነሣ። ክንዱን ያዘችው።

«ብትሮጥ ያዩሃል። ስማኝ። ላረጋግጥ። መዝገቡ አለ ብዬ የውሸት ቦታ እነግረዋለሁ። ከእኔና ከእሱ በቀር ማንም የማያውቀው ቦታ። መኪናው ወደዚያ ከሄደ አለቃዬ ከእነሱ ጋር ነው። ሰው የማይኖርበት ሩቅ ቦታ ንገረኝ።»

ኢክሪማ አሰበ። «ገነተ ማርያም፣ ቁፋሮው ላይ ኮንቴይነር አለን። ዕቃ የምናስቀምጥበት።»

«ሰው የለም?»

«ዛሬ ገብርኤል ነው፤ ሥራ የለም። ዘበኛችን ደግሰው እንኳ ቤቱ ገብቷል። ትናንት ራሱ ነግሮኛል።»

«እርግጠኛ ነህ?»

«ነገረኝ እኮ።»

እንደገና ወደ ድንጋዩ ወጣች። ደወለች። ድምፅዋ እንዳይንቀጠቀጥ ጥርሷን ነከሰች።

«አጎቴ፣ እህሉ ያለው ገነተ ማርያም ነው። የውሃ ቁፋሮው ቦታ፣ ሰማያዊው ኮንቴይነር ውስጥ። ሻጩ ቁልፉን ሰጥቶኝ ሄደ። እኔ ከሰዓት በኋላ እሄድና አነሣዋለሁ።»

«ጎበዝ ልጅ» አለ ደባሱ። «ቀስ ብለሽ ሂጂ። አትቸኩዪ።»

ሰዓቷን አየች። አንድ ደቂቃ። ሁለት። ሦስት።

በአራተኛው ደቂቃ ግራጫው ጃኬት ስልኩን ጆሮው ላይ ለጥፎ ከጥዶቹ መሀል ወጣ። ላንድክሩዘሩ ውስጥ ከሾፌሩ ጎን ገባ። መኪናው አቧራ አስነሥቶ ወጣ።

እንባዋ መጣ። ለምን እንደሆነ ለማሰብ ጊዜ አልነበራትም።

ስትመለስ ኢክሪማ ፊቷን አየና ሁሉንም ተረዳ። ጀሪካኑን ገለበጠው። ከሥሩ ተቆርጦ በእሳት ተመልሶ የተጣበቀ ቦታ ነበር። በቢላ ሰነጠቀው። በሦስት እጥፍ ላስቲክ የተጠቀለለ፣ ጠርዙ የቆሸሸ፣ ወፍራም ደብተር አወጣ።

«አልያዝኩትም ብለህ ነበር።»

«አላመንኩሽም ነበር።»

የትንሿ አገር ጠበቆች አዲስ አበባ ሆቴል ውስጥ ይጠብቃሉ። ኢክሪማ ቁጥራቸውን በቃሉ ያውቀዋል። ከላሊበላ ሰባት ሰዓት የሚነሣ አውሮፕላን አለ። ሂንድ መሳፈር አትችልም፤ አመተ ጊዮርጊስ የሚለውን ስም የሰጣት ደባሱ ነው፤ አንድ ስልክ ደውሎ ያስይዛታል። ኢክሪማ ግን መሐመድኑር በሚል መታወቂያ ይሄዳል፤ ለእሷም የነገራት አሁን ነው። ያንን ስም ደባሱ አያውቀውም። መሥሪያ ቤቱ ውስጥ ማንም አያውቀውም።

ያ ስም ብቻ ነው ያላቸው።

*

ዘመኑ ሚኒባሱን እየነዳ ያወራል። ስለ መንገዱ፣ ስለ ነዳጅ ወረፋ፣ ስለ ቱሪስት መጥፋት። ሂንድ አንዱንም አልሰማችም። በየመጠምዘዣው ነጭ መኪና ትጠብቃለች። ኢክሪማ ከኋላዋ መዝገቡን ከሸሚዙ ሥር በነጠላ ሆዱ ላይ አስሮታል።

ኬላ። ሁለት ታጣቂዎች።

«መታወቂያ።»

አንዱ የኢክሪማን መታወቂያ አገላብጦ አየ። ፊቱን አየ። እንደገና መታወቂያውን።

«መሐመድኑር። ምን ልትሠራ ይምርሐነ ሄድክ?»

«የውሃ ባለሙያ ነኝ። ጠበሉ ቀነሰ ብለው ጠርተውኝ ነው።»

«እና ቀነሰ?»

«አልቀነሰም። የሚቀዳው ሰው ነው የበዛው።»

ታጣቂው ሳቀና መታወቂያውን መለሰ። ሂንድ ጉልበቷን ስታየው እጇ ቀሚሷን ጨምድዶ ይዟል።

አውሮፕላን ማረፊያው ሲደርሱ ስድስት ሰዓት ከአሥር ነበር። ከበሩ ራቅ ብለው ቆሙ።

«አንቺስ?» አላት ኢክሪማ።

«እኔ ሥራዬ አልቋል።»

«ምን ያደርጉሻል?»

«ሂድ። ወደ ኋላ እንዳታይ።»

አላየም። ፍተሻው ወረፋ ላይ ቆመ። ከፊቱ ሰባት ሰው። የጋቢው ጫፍ መሬት ይነካል።

ስልኳ ጮኸ።

አጎቴ።

ባታነሣ ይጠረጥራሉ። አነሣች።

«ኮንቴይነሩ ባዶ ነው» አለ ደባሱ። ገበያ የለም፣ እህል የለም፣ ልጄ የለም። «ተንኮለኛ ሆነሻል።»

ሂንድ ወረፋውን አየች።

«አንድ ሽማግሌ ግን እዚያ አግኝተዋል፤ በሌላው ስልኬ መስመር ላይ ናቸው። ዘበኛው ነው።»

የወረፋው ሰው ስድስት ሆነ።

«ሰዎቹ ጨዋ አይደሉም፣ ሂንድ። የእኔ ሰዎች አይደሉም፤ የኩባንያው ናቸው። እኔ ላቆማቸው የምችለው አንድ ነገር ካገኘሁ ነው። አንድ ስም። ሰውየው እዚያ በምን ስም ሲሠራ ነበር? ሽማግሌው አይናገርም። እንዲህ ያለ ሰው አላውቅም ይላል። አንቺ ንገሪኝ፤ ሽማግሌውም ቤቱ ይግባ።»

ከስልኩ ውስጥ፣ ከሩቅ፣ የሆነ ነገር ሲመታ ተሰማት። ከዚያ ማቃሰት።

አንድ ስም። ስድስት ፊደል። ብትናገር ደባሱ አውሮፕላን ማረፊያ ይደውላል፤ ኢክሪማ ከወረፋው ይወጣል፤ እንደ ጓደኛው ይጠፋል። ጉድጓዱ የትልቋ ይሆናል። ጀልባዎቹ ይተኩሳሉ። ባትናገር...

አምስት ሰው።

«ስሙን አላውቅም» አለች። «መዝገቡ ግን እኔ ጋ ነው። እኔው አመጣዋለሁ። ሽማግሌውን ልቀቁት።»

«ውሸት።»

«በጀሪካን ሥር ነበር የደበቀው። ሰባ ሁለት ገጽ ነው፤ እያንዳንዱ ገጽ ላይ የካፒቴኑ ፊርማ አለ። በሰማያዊ ቀለም። ውሸት ነው? ሽማግሌውን ብትነኩት አንድ በአንድ አቃጥለዋለሁ።»



«አንድ ሰዓት ተኩል አለሽ» አለ ደባሱ። ዘጋው።

ዘመኑ መሪው ላይ ተደግፎ ጥርሱን ይፍቃል።

«ገነተ ማርያም» አለችው። «የቻልከውን ያህል ፍጠን።»

ስትሄድ ባዶ እጇን ነበር። ምን እንደምትላቸው አታውቅም። ምን እንደሚያደርጓት ታውቃለች። መንገዱ ዳር የጤፉ ማሳ ወደ ቢጫ እየዞረ ነው፤ ሴቶች ገብርኤልን አክብረው ነጭ ለብሰው ይመለሳሉ። ጥርሶቿ ይጋጫሉ። መንጋጋዋን በእጇ ያዘችው።

ሰባት ሰዓት ከሩብ ላይ አውሮፕላኑ ከተራራው በላይ ከፍ ሲል አየችው።

*

ገነተ ማርያም ሳይደርሱ ነው ኡኡታውን የሰሙት።

ቁፋሮው ቦታ ሰው ተሰብስቧል። ነጩ መኪና የለም። ገበሬዎች ጠመንጃ ይዘው ወደ ኩልመስክ መንገድ ይሮጣሉ። ሰማያዊው ኮንቴይነር ክፍት ነው፤ ቱቦውና መፍቻው ሁሉ ውጭ ተበትኗል። በሩ አጠገብ ጋቢ የለበሰ ሬሳ አለ። ነጠላዋን መሬት ላይ የጣለች አንዲት ሴት ደረቷን ትደቃለች።

«ምን ሆኖ ነው?» አለ ዘመኑ አንዱን ሽማግሌ ቀርቦ።

«ደግሰውን ገደሉት። የማናውቃቸው ሰዎች ናቸው። ጩኸቱን ሰምተን ስንደርስ በመኪና አመለጡ። ምን አደረጋቸው? እህል አልሰረቀ፣ ሰው አልነካ!»

ሂንድ ከሚኒባሱ አልወረደችም። መውረድ አልቻለችም። በመስኮቱ የሬሳውን እግር ታያለች። ከጎማ የተሠራ ጫማ አጥልቋል። አንዱ ወልቋል።

አንድ ሰዓት ተኩል ብሏት ነበር። አልጠበቁም።

ማታ ላሊበላ ስትመለስ ኢክሪማ በጠበቆቹ ስልክ ደወለ።

«ደረስኩ። መዝገቡን ሰጥቻቸዋለሁ። ነገ እንነሣለን።» ትንፋሹ ይቆራረጣል። «እህቴ፣ ወደዚያ ሄዱ እንዴ? ደግሰው አልነበረም አይደል?»

ዓይኖቿን ጨፈነች። ዳኞቹ ፊት ሊቆም አራት ቀን ቀርቶታል።

«አልነበረም» አለች።

ኢክሪማ መሰከረ። ሁለት ቀን ሙሉ የኩባንያው ጠበቆች ሲያፋጥጡት ቁጥሮቹን አንድ በአንድ ከነሰዓታቸው ነገራቸው ተባለ። በሦስተኛው ሳምንት ዳኞቹ ቁፋሮው ወዲያው እንዲቆም፣ የጦር ጀልባዎቹም ከጉድጓዱ ዙሪያ እንዲርቁ ጊዜያዊ ትእዛዝ ሰጡ። ደግሰውን የገደሉትን ሁለት ሰዎች የገበሬው ጩኸት ቀድሟቸው ኩልመስክ ኬላ ላይ ተይዘዋል። ደባሱ በማግስቱ ቢሮ አልገባም፤ በኋላ ድንበር ሊሻገር ሲል ተያዘ አሉ። ሂንድ ዝርዝሩን አልጠየቀችም።

ኢክሪማ ከምስክርነቱ በኋላ ሲደውል እውነቱን ነገረችው።



«ከመመስከሬ በፊት ታውቂ ነበር?»

«አዎ።»

ስልኩ ተዘጋ። ከዚያ ወዲህ አልደወለም።

*

በአርባኛው ቀን ገነተ ማርያም ሄደች። እንድትሄድ ማንም አላዘዛትም። መሥሪያ ቤቱ የአመተ ጊዮርጊስን ፋይል ዘግቷል፤ ለእሷም ሌላ ከተማና ሌላ ስም ተዘጋጅቶላት፣ አውቶቡሷ በማግስቱ ነበር።

የደግሰው ተዝካር ነው። ጾም ገብቷልና ሽሮና ባቄላ ቀርቧል። ቀሳውስቱ ድንኳን ውስጥ ናቸው፤ ሴቶቹ ከጓዳ ወደ ድንኳን ይመላለሳሉ። ሂንድ ጥቁር ነጠላ አጣፍታ ከእቃ አጣቢዎቹ ጋር ተቀመጠች። አንዷ ሳህን አቀበለቻት፤ አጠበች። ማንነቷን የጠየቃት የለም። በእንዲህ ያለ ቀን የመጣ ሁሉ ዘመድ ነው።

ከቀትር በኋላ የሟቹ ሚስት ይማርሽ ከጎኗ መጥተው አረፍ አሉ። ዓይናቸው አብጧል።

«የዚህ አገር ሰው አትመስዪኝም፣ ልጄ። ደግሰውን ታውቂው ነበር?»

«አላውቃቸውም፣ እትዬ። ደግ ሰው እንደነበሩ ሰምቼ ነው።»

«ደግ ነበር። ደግነቱ ነው የበላው።» ነጠላቸውን አፋቸው ላይ ያዙ። «የዚያን ለት እቤት ነበር እኮ። የገብርኤልን ዳቦ ቆርሰን ስናበቃ፣ ያ የውሃው ልጅ፣ መሐመድኑር፣ ብቻውን ነው፣ ዘመድ የለው፣ ድርሻውን ላስቀምጥለት ብሎ ዳቦውን በጨርቅ ቋጥሮ ወደ ኮንቴይነሩ ወጣ። በዚያው ነው ያገኙት።»

ሂንድ በእጇ ያለውን ሳህን ማጠብ አቆመች።

«ጎረቤታችን ከአጥሩ ወዲያ ሆኖ ሰምቷል። ስም ነው የጠየቁት አሉ። የዚህ ሰው ስሙ ማነው፣ ስሙን ብቻ ንገረን። ደግሰው ምን አለ መሰለሽ? እንጀራ የቆረስኩለትን ሰው ስም ለማላውቀው አልሰጥም አለ።» ይማርሽ ወደ ድንኳኑ ተመለከቱ። «ልጁም ከዚያ ወዲህ አልተመለሰ። እሱንም ሳይገድሉት አይቀሩም።»

«አልገደሉትም» አለች ሂንድ።

ይማርሽ ዞረው አዩዋት።

ከዚህ በላይ መናገር አትችልም። መናገር የሚገባት ግን ገና ብዙ ነበር፤ ኮንቴይነሩን ማን እንደጠቆመ፣ በስልክ ውስጥ ምን እንደሰማች፣ ስንት ሰው ወረፋው ላይ እንደቀረ።

«በሕይወት አለ፣ እትዬ። ደህና ነው። ባለቤትዎ ናቸው ያዳኑት።»

ይማርሽ ምንም አልጠየቁም። እርጥብ እጇን በሁለት እጃቸው ያዙትና ለብዙ ጊዜ ሳይለቁት ተቀመጡ። ከዚያ ከጓዳ ተጣሩ፤ ተነሥተው ሄዱ።

ሂንድ የቀሩትን ሳህኖች አጥባ ጨረሰች። ደራርባ አስቀመጠቻቸው። ከግቢው ስትወጣ ከእቃ አጣቢዎቹ አንዷ «ያቺ ማን ነበረች?» ስትል ሰማች።

«እኔ እንጃ» አለች ሌላይቱ። «ከሩቅ የመጣች ለቀስተኛ ናት።»